በውሃ ልክ

ሚያዝያ 27 ቀን 2017፣ ቡታጅራ

የሰፈራችን የጎርፍ ቦይ ኮሚቴ ዛሬ ተመረጠ። ሊቀ መንበሩ ሀብቴ ሆነ፤ የሰፈሩን በርና መስኮት ሁሉ የሚበይደው፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቸርች ውስጥ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ የሚዘምረው ሀብቴ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ለሌላ ነገር አይታሰብም።

ጉዳዩ ግልጽ ነው። ክረምት ላይ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የሚወርደው ጎርፍ መንገዳችንን ይዞ ይመጣና ታች ጥጉ ላይ ይተኛል። ጥጉ ላይ ያለው የፈቲሀ ቤት ነው። ፈቲሀ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን እናቷን ይዛ ትኖራለች። አምና ሐምሌ ጎርፉ የጓሮዋን ግድግዳ ናደው። ሰፈሩ ወጥቶ ጭቃ ረግጦ መልሶ አቆመላት።

ዛሬ ስብሰባው ላይ ተነሳችና፣ «ዘንድሮም ከገባብኝ እናቴን ይዤ ቆሼ ከተማ ወንድሜ ጋ እገባለሁ። ያኔ ይኼ ሰፈር ቀረ» አለች። ሴቶቹ «ኧረ ወዲያ! የት ትሄጃለሽ?» እያሉ ተንጫጩ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር አስተያየት አልሰጠሁም።

አስተያየት የሰጠሁት በሥራው ጥራት ላይ ብቻ ነው። ሰዎች የተነጠፈልን ኮብልስቶን ጎርበጥባጣ ነው እያሉ ሲያማርሩ ተነሳሁና፣ «ይህ ቦይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በውሃ ልክ ይሠራል!» አልኩ። ተጨበጨበ። ሀብቴ «አሜን!» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ምት ነበረው፤ ራሴም ወደድኩት።

ግንቦት 4

የከተማው ባለሙያ መጥቶ የቦዩን መስመር በኖራ አሰመረ። አስፋልቱ ዳር ካለው ከትልቁ ቦይ ጋር ይገናኛል። ቁፋሮው ሲያልቅ ደውሉልኝ፣ የወለሉን አወራረድ በመሣሪያ ለክቼ እሰጣችኋለሁ ብሎ ሄደ። ትሑት ልጅ ነው።

ግንቦት 11

ቁፋሮው አልቋል። ባለሙያው ግን ፈቃድ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ወልቂጤ ወልዳለች። እንኳን ማርያም ማረቻት። ክረምቱ እየተቃረበ ስለሆነ እሱ ሳይጠበቅ ግንባታው እንዲጀመር ተወሰነ። ሀብቴ «ትንሽ ብንታገስስ፣ መምህር?» ብሎ ነበር። በውሃ ልክ እስከተሠራ ድረስ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ተገለጸለት።

ግንቦት 13

ግንበኛው ዑመይር ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚናገርለት የለም። «የዚህ ከተማ ግማሹ መሠረት በእኔ እጅ ነው የቆመው» አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል።

ከሀብቴ ሱቅ ውሃ ልክ ተዋስኩ። ቢጫ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ውሃ ያለባት ብልቃጥ አለች፤ ብልቃጧ ውስጥ አንዲት አረፋ። አረፋዋ መሐል ላይ ከቆመች ሥራው ልክ ነው፤ ከሸሸች አይደለም። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ዑመይር በሠራው ድንጋይ ላይ ሳስቀምጣት አየኝ።

«ቲቸር፣ እኔን ልትፈትን መጣህ?»

«ሥራውን ነው የምፈትነው።»

«ሥራውና እኔ አንድ ነን» አለ።

ግንቦት 16

ዛሬም ተለካ። አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ድንጋዮቹ እንዲነሱና እንደገና እንዲቀመጡ ተደረገ። ዑመይር ምሳውን አልበላም ይባላል። አልተጣራም።

ግንቦት 18

ሱሪ ላሳጥር ፈቲሀ ጋ ወረድኩ። ገልብጣ አየችውና፣ «ቲቸር፣ ይኼን እኮ ባለፈው አሳጥሬዋለሁ» አለች። ሌላው መስሎኝ ነበር። እናቷ መደቡ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር በራሳቸው ቋንቋ አሉኝ። ፈቲሀ ሳቀች፤ ምን እንዳሉ ግን አልተረጎመችልኝም። ከተቀመጥኩ አይቀር ሻይ ጠጣሁ።

ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ወደ ቦዩ እያየች፣ «ታዲያ ውሃው እንዴት አድርጎ ነው የሚሄደው? እኛ ጋ እኮ መሬቱ ሜዳ ነው» አለች።

«በቦዩ ነዋ።»

«እሱማ በቦዩ ነው» አለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። ጥያቄዋ የሙያ ጥያቄ አይደለም።

ግንቦት 21

ዑመይር ሠራተኞቹ ፊት አስቆመኝ። «የጎኑን ድንጋይ በውሃ ልክ ብለሃል፤ ሠራሁ። ወለሉንስ?»

«ሁሉም በውሃ ልክ እንዲሆን ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ተብሏል።»

መዶሻውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረና፣ «ሰማችሁ? ወለሉንም! ቲቸር ያለውን ነው የምንሠራው» አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተከራከረኝም። ጸባዩ እየተሻሻለ ነው።

ግንቦት 24

ሲሚንቶ የለም። ነገ ይመጣል ተብሏል።

ግንቦት 26

የለም። በዘቢዳር በኩል ጠቆረ፤ ተመልሶ ተገለጠ።

ግንቦት 27

ሲሚንቶው መጣ፤ ሰው ሄደ። አረፋ ነው። አረፋ የአንድ ቀን በዓል ነው የሚል ሰው ይህን አገር አያውቅም። የሴቶቹ ቀን አለ፤ የወንዶቹ ቀን አለ፤ ዘመድ መጠየቁ አለ፤ የታጨች ካለች ሠርጉ አለ። ከአዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሁሉ መኪናውን ሞልቶ ገጠር ይገባል። ዑመይርም ሠራተኞቹን ይዞ ሄደ። ቦዩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሀብቴን ባማርረው፣ «እኛስ ለመስቀል ስንጠፋ ማን ያገኘናል?» አለኝ። አንደኛው አረፋ እስኪያልፍ ሌላዋ አረፋ ብልቃጧ ውስጥ ትጠብቃለች።

ሰኔ 3

ፈቲሀ ጎመንና ቆጮ ላከችልኝ። የበዓሉን ሥጋ እንደማልበላላት ታውቃለች፤ የሐዋርያት ጾም መግባቱንም ታውቃለች። ባለቤቴ መሰለች ካረፈች ወዲህ ጾሜን የሚቆጥርልኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። ሣህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ስኳር አደርግበታለሁ።

ሰኔ 9

ዑመይር ተመለሰ። ወፍሯል። ሥራ ተጀመረ። በየቀኑ ሰማዩን አያለሁ።

ሰኔ 15

ወለሉ አለቀ። ከላይ ከሀብቴ ሱቅ ጀምሬ እስከ አስፋልቱ ድረስ በየመሐሉ እየተቀመጥኩ ለካሁ። አረፋዋ አንድም ቦታ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ዑመይር እጁን አጣምሮ ከኋላዬ ይከተል ነበር። «እንዴት ነው፣ ቲቸር?» አለ። «በውሃ ልክ» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ረዘመብኝ።

ክዳኑ ብቻ ቀርቷል። ፈቲሀ ከደጇ ሆና ስታየን ነበር።

ሰኔ 18

የመጀመሪያው ዝናብ። ቀላል ነው፤ አፈር የሚያርስ ብቻ። ካባራ በኋላ ወጥቼ አየሁ። ውሃው ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ በጎ ነው። ገብቶ ግን ቆሟል። ባጃጅ የሚነዳው ሳላሀዲን ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን አሰገገና፣ «ቲቸር፣ ይኼ ውሃ ታክሲ እየጠበቀ ነው እንዴ?» አለ።

ልስኑ ገና ስላልጠጣ ሊሆን ይችላል። ውሎ ሲያድር ይስተካከላል።

ሰኔ 20

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ሰው ሳይነሳ መጥረጊያ ይዤ ወረድኩና ውሃውን ወደ አስፋልቱ ገፋሁት። ሲገፉት ይሄዳል። ሲተዉት ይመለሳል። የጠዋት እንቅስቃሴ ለዕድሜዬ ጥሩ ነው።

ሱቅ ውስጥ አንዱ ጀርባዬን እያየ «የቲቸር ሐይቅ» ሲል ሰማሁ። አልዞርኩም።

ሰኔ 21

ይህን በሥርዓቱ ልጻፈው።

የፈቲሀ ወንድም ከቆሼ በርበሬ በአይሱዙ ጭኖ ለገበያ መጣ። ሲመለስ ባዶውን ነው። ፈቲሀ ወደ ቤቴ ወጣች፤ ወደ ቤቴ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ቲቸር፣ ላማክርዎት» አለች። «መኪናው ባዶ ይሄዳል። እናቴንና ሁለቱን ማሽኖች፣ የተማሪዎቹንም የዩኒፎርም ጨርቅ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ቆሼ ላድርሳቸው ይሆን? ወንድሜ ጫኚ ይለኛል። ቦዩ ያስተማምናል ካሉኝ ግን እተወዋለሁ።»

እኔም፣ «አያስፈልግም። ቦዩ አለ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በውሃ ልክ ነው የተሠራው።»

«ቲቸር ካሉ ይበቃኛል» አለች። ፊቷ ፈታ አለ። አይሱዙው ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሄደ። መስኮት ላይ ሆኜ አየሁት። ዕቃ መጫንና ማውረድ ለእናቷም ድካም ነበር። አራተኛውን ሱሪ ነገ እወስድላታለሁ።

ሰኔ 27

ጠዋት ውሃውን ስገፋ ዑመይር ለክዳኑ ሥራ ቀድሞ መጣ።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ቲቸር?»

«ቆሻሻ እየጠረግኩ።»

«ቆሻሻ የለም።»

«አሁን ጠርጌው ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያልከኝን ነው የሠራሁት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ወለሉን ሰብሮ ማስተካከል ይቻላል። ሐምሌ ሳይከብድ። አንተ በላቸው እንጂ እኔ እሠራለሁ።»

«ለኮሚቴው ይቀርባል» አልኩት።

ሐምሌ 2

አልቀረበም። ሀብቴ የልጁ ሠርግ ላይ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማስቸገር ደግ አይደለም።

ሐምሌ 5

ዘነበ። ጠረግኩ።

ሐምሌ 6

ዘነበ። ጠረግኩ። ወገቤ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከሠርጉ መልስ ለሀብቴ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 10

ከሰዓት። በረዶ የቀላቀለ። ከላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ቦዩ ሞላ። ቆመ። ከዚያ ወደ ጎን። መጥረጊያዬን ይዤ ሮጥኩ። መጥረጊያ!

ፈቲሀ ጋ ገብቷል።

ሐምሌ 11

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልተቻለም። አልቻልኩም።

ስደርስ ሳላሀዲን የፈቲሀን እናት አዝሎ እየወጣ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን አንገቱ ላይ ጠምጥመው ይጮኻሉ። በባጃጁ ሀብቴ ቤት አደረሳቸው፤ ሠርግ ቤት ስለሆነ ሰውም ብርድ ልብስም አልጠፋም። የጓሮው ግድግዳ አምና በወደቀበት በኩል ወደቀ፤ አንዱ ማሽን ሥሩ ቀረ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ፣ በሩ ላይ ተንሳፎ ጭቃ ለብሷል። ዑመይር ዶማ ይዞ ውሃው ውስጥ ገብቶ አስፋልቱ ጋ ያለውን የቦዩን ጫፍ ይሰብራል። ሲሰበርለት ውሃው እየጮኸ ሄደ። የፈለገው ያንን ብቻ ነበር፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ቦታ።

ፈቲሀ አላለቀሰችም። እኔን ስታይ፣ «ቲቸር፣ በስብሰዋል እኮ! ይግቡ እንጂ ብርድ ይመታዎታል» አለች። የት እንደምገባ አልገባኝም። ቤቷ ውሃ ነው።

ሐምሌ 13

አይሱዙው መጣ። በዚህኛው ጊዜ ሞልቶ ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ዕቃ ይጭናል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። የፈቲሀ ወንድም ሰላም አለኝ እንጂ ፊቱን አላሳየኝም። እሷ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጣችና፣ «ቲቸር፣ አይዘኑ። እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል። የአላህ ሥራ ነው፤ ውሃ ነው» አለች።

የአላህ ሥራ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ሳላሀዲን ፍራሹን ያዝልኝ ብሎ ጠራኝ፤ ሄጄ ፍራሹን ያዝኩ።

ሐምሌ 17

ስብሰባ በሀብቴ ሱቅ። አጀንዳ፦ ስህተቱ የማን ነው?

ገና ሳይጀመር ጩኸቱ ወደ ግንበኛው ዞረ። «ሙያ አለኝ ሲል አልነበር?» «ሜዳ ላይ ውሃ ይሄዳል እንዴ?» «ሰፈሩን አሰጥሞ!» ዑመይር ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወደ እኔ አላየም። አንድ ጊዜ ቢያየኝ ይቀለኝ ነበር።

ሀብቴ፣ «መምህር፣ እስቲ ጻፍ። ‹ወለሉ በስህተት ሜዳ ሆኖ ተሠርቷል› በል» አለኝ። ጻፍኩ። ከዚያ የጻፍኩትን አየሁት። ልጆችን ስንት ዘመን አድራጊና ተደራጊ እያልኩ ግስ አስተምሬያለሁ። «ጽዋው ተሰበረ» ብሎ የጻፈ ልጅ ካለ «ማን ሰበረው?» እያልኩ አስነስቼ እጠይቀው ነበር። ተሠርቷል። ተወሰነ። ተገለጸለት። ተብሏል።

ተነሳሁ። «በውሃ ልክ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ወለሉንም ያልኩት እኔ ነኝ። ባለሙያውን አንጠብቅ ያልኩትም እኔ ነኝ። ዑመይር ጠይቆኛል።»

ቀድሞ የተናገረው ሳላሀዲን ነው። «ቲቸር፣ እናውቃለን እኮ» አለ። «ስንሰማ ያጨበጨብነው እኛ ነን።»

ዑመይር ተነሳ። «እኔም እልህ ይዞኝ ነው» አለ። «ውሃ ዝቅታ እንደሚፈልግ የማያውቅ ግንበኛ የለም። ይኼ ሽማግሌ ይማርበት ብዬ ነው። ሴትየዋን አላሰብኳትም፤ ወላሂ አላሰብኳትም።» ተቀመጠ። ሀብቴ «ጌታ ይቅር ይበለን» ብሎ ጸሎት ጀመረ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንገቱን ደፋ።

ወለሉ ፈርሶ እንዲሠራ ወሰንን።

ቀላል ነበር። የገረመኝ እሱ ነው። ስለ ውሃ ልክ መናገሩ ቀላል ነበር። ስለ አይሱዙው ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሐምሌ 26

ባለሙያው መጣ፤ ከፈቃድ ከተመለሰ ቆይቷል። የመጀመሪያ ልጁን ፎቶ ለሁላችን አሳየ። የመለኪያ ክር ወደ አስፋልቱ እያዘቀዘቀ ወጠረልን። ዑመይር ወለሉን ሰብሮ በክሩ ልክ ይሠራል። እኔ ስብርባሪ አወጣለሁ። «ተው ቲቸር፣ ወገብህ» ይለኛል። አልተውኩም። ውሃ ልኩን ለሀብቴ መለስኩ።

ነሐሴ 8

ከባድ ዝናብ። ሁላችንም ዣንጥላና ላስቲክ ይዘን ወጣን። ውሃው ከላይ መጣ፤ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ሄደ። ልክ እንደዚያ፣ ምንም ሳይል፣ ወደ አስፋልቱ። ልጆቹ ቅጠል እየለቀቁበት ይከተሉታል። ሳላሀዲን በሁለት ጣቱ አፏጨ። ዑመይር ትከሻዬን መታኝ። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ጥጉ ቤት አየን፤ የወደቀው ግድግዳ ላይ ሣር በቅሏል። ቀስ እያልን ወደየቤታችን ተበተንን።

ነሐሴ 9

ቆሼ ሄጄ መጣሁ።

በሚኒባስ ነው የሄድኩት፤ መንገዱ ጭቃ ነበር። ፈቲሀ የወንድሟ የበርበሬ መጋዘን ደጃፍ ላይ በተረፈው ማሽን ትሰፋለች። ከስታለች። ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች፤ ወንበር አወጣችልኝ፤ ሻይ አዘዘች። ስለ ሰፈሩ ጠየቀችኝ። ውሃው እየሄደ መሆኑን ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ! ይኸው፣ ተሠራ አይደል?» አለች፤ ከልቧ ነው። ስለ እናቷ ጠየቅኳት። «ዝናብ በሰሙ ቁጥር ይጮኻሉ። ወደዚያ ቤት ሁለተኛ አትመልሺኝ ብለው አስምለውኛል» አለች።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ወሬ የለኝም፤ የመጣሁበት ግን አለኝ።

«ፈቲሀ፣ መኪናው ባዶውን በተመለሰ ቀን ውሃው ቦዩ ውስጥ እንደሚቆም አውቅ ነበር» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ስገፋው ነበር። አውቄ ነው አያስፈልግም ያልኩሽ።»

እጇ የማሽኑ መዘውር ላይ ቀረ። «ለምን?» አለች።

«ከሄድሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም። እንዳትሄጂብኝ ነው።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

«ቲቸር፣ ያኔ አትሂጂብኝ ብቻ ቢሉኝ ኖሮ» አለች፣ «እናቴንና ዕቃዬን እዚህ አድርሼ፣ በማግስቱ እመለስ ነበር።»